ለአሮጊት ድመት ቁርጥማት የቱ ይሻላል? ለወሎ ቤቶች የተዘጋጀ ንጽጽር

ኅዳር ገብቶ የጦሳ ተራራ ብርድ መውረድ ሲጀምር ደሴ ውስጥ በብዙ ቤት አንድ ነገር ይታያል። ዓመቱን ሙሉ ቆጥ ላይ ስትተኛ የኖረችው ድመት ወርዳ ምድጃ ጥግ ትከትማለች። ስትነሳ ኋላዋ ይከብዳታል። አይጥ ኮሽ ሲል ጆሮዋን ብቻ ታዞራለች። "አርጅታ ነው" ይባልና ይታለፋል።

አርጅታለች፤ ግን አሟታልም። እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ አንድ ጥናት ከ12 ዓመት በላይ የሆናቸውን 100 ድመቶች የራጅ ፊልም አይቶ በ90ዎቹ ላይ የመገጣጠሚያ ጉዳት አግኝቷል። በአጥንቶቹ ጫፍ ላይ ያለው ልም አጥንት ይሳሳል፣ ዳር ዳሩን አዲስ አጥንት ይበቅላል፣ መገጣጠሚያው ይቆጣል። ዳሌ፣ ጉልበት፣ ክርንና አከርካሪ ዋነኞቹ ናቸው። ጨርሶ የሚያድን መድኃኒት የለውም። ሕመሙን ማቅለል ግን ይቻላል፤ መንገዱም ከአንድ በላይ ነው።

ግራ የሚያጋባውም እዚህ ላይ ነው። ፋርማሲ የሚሠራ ዘመድ አንድ ነገር ይላል። የከብት መድኃኒት የሚሸጠው ሌላ ይላል። ኢንተርኔቱ ደግሞ እዚህ አገር በቀላሉ የማይገኝ ነገር ይደረድራል። እኔ የማወዳድረው ለወሎ ቤት በሚሆን ሚዛን ነው። አቋሜን ከወዲሁ ልናገር፦ የመጀመሪያዋ ብር ቤቱ ላይ ትውጣ፤ መድኃኒቱ ከዚያ በኋላ ይታሰባል።

መጀመሪያ፣ ቁርጥማት ነው ወይ?

ድመት እንደ ውሻ በግልጽ አታነክስም። ሕመሙ ብዙ ጊዜ በግራና በቀኝ እግር እኩል ስለሚመጣ የምትደገፍበት ደህና ጎን የላትም። ሕመሟንም ትደብቃለች። ስለዚህ የሚፈለገው ያቆመችው ነገር ነው። መደብ ላይ በአንድ ዝላይ ትወጣ የነበረችው አሁን መጀመሪያ በርጩማው ላይ፣ ከዚያ መደቡ ላይ ትወጣለች። ወይም ሥሩ ቆማ ወደ ላይ ታያለች፣ ታመነታለች፣ ትተወዋለች። ዞራ መላስ ስላቃታት ወገቧ ላይ ያለው ጸጉር ይያያዛል። ጥፍሯ ያድግና ስትራመድ ሲሚንቶው ላይ ይሰማል። ልጆች ሲያነሷት ትቧጭራለች።

ሌላም አለ። ውጭ ወጥታ አፈር ጭራ ትጸዳዳ የነበረች ድመት ቤት ውስጥ ጥግ ላይ መጨረስ ትጀምራለች። ይህን ብዙ ሰው እንደ ጥፋት ቆጥሮ ይመታታል። በበጋ የደረቀ መሬት፣ በክረምት ጭቃ፣ በሚያም ክርን መጫር ምን ያህል እንደሚከብድ ማሰብ ነው።

ቁርጥማት ቀስ ብሎ በወራት ይመጣል። ድንገት የመጣ ነገር ሌላ ነው። ጠዋት ደህና የነበረች ድመት ከሰዓት የኋላ እግሮቿ አልታዘዝ ብለው፣ መዳፎቿ ቀዝቅዘው፣ እየጮኸች ከተገኘች የረጋ ደም የእግሯን ደም ሥር ዘግቶ ሊሆን ይችላል። ይህ በዚያው ሰዓት ሐኪም የሚፈልግ ነው። አንድ እግር ብቻ ካበጠና ከሞቀ ሌላ ድመት ነክሷት መግል ቋጥሮ ይሆናል። አሮጊት ድመት ላይ ጥፍር ታጥፎ መዳፏ ውስጥ ሲገባም ይታያል፤ የእሱ መፍትሔ ጥፍሩን መቁረጥና ቁስሉን ማጠብ ነው። ብዙ የምትጠጣ፣ ብዙ የምትሸና፣ እየከሳች የመጣች ከሆነ ደግሞ ኩላሊት ወይም ስኳር ሊሆን ይችላል። ይህችን ነጥብ ያዟት፤ መድኃኒት ስንመርጥ ትፈለጋለች።

በምን እንመዝን?

አምስት ነገር እጠይቃለሁ። አንደኛ፣ ድመቷን ይጎዳታል ወይ? ሁለተኛ፣ ሕመሙን በእውነት ይቀንሳል ወይስ እኛን ብቻ ያጽናናል? ሦስተኛ፣ ደሴ፣ ኮምቦልቻ ወይም ወልድያ ላይ ሳይቋረጥ ይገኛል? አንድ ብልቃጥ ከአዲስ አበባ በሰው እጅ ማስመጣት ይቻላል፤ ቁርጥማት ግን የዕድሜ ልክ ስለሆነ ሁለተኛውና አሥረኛው ብልቃጥም መምጣት አለበት። አራተኛ፣ ድመቷ ትቀበለዋለች? በየቀኑ አራት ሰው ይዞ የሚያስውጣት ክኒን መድኃኒት አይባልም። አምስተኛ፣ በወር ስንት ይወጣበታል?

ቅደም ተከተሉን ሆን ብዬ ነው ያደረግሁት። የመጀመሪያውን ያላለፈ፣ ነፃ ቢሆንም ከውድድሩ ይወጣል። አሁን የማወጣቸው አሉ።

ከውድድሩ የወጡት፦ የሰው ማስታገሻዎች

ፓራሲታሞል ለድመት መርዝ ነው። ይህን ለማጋነን አይደለም። የድመት ጉበት ይህን መድኃኒት ሰብሮ የሚያስወግድበት መንገድ በጣም ደካማ ነው። ተረፈ ምርቱ ቀይ የደም ሴሎቿን ያበላሽና ደሟ ኦክስጅን መሸከም ያቅተዋል። ድዷ ቡናማ ይሆናል፣ ፊቷና መዳፏ ያብጣል፣ ትንፋሿ ይፈጥናል። የእኛ አገር ድመት ብዙ ጊዜ 3 ኪሎ ገደማ ናት። ለእሷ የ500 ሚሊ ግራም ክኒን ሩቡ እንኳ ሊገድላት ይችላል። "ትንሽ ቆርሼ ብሰጣት" የሚባለው ትንሽ ራሱ ብዙ ነው። በስሕተት ከዋጠች ምልክት እስኪታይ አትጠብቁ፤ በፍጥነት ከተደረሰባት ሐኪም ሊሰጣት የሚችለው ማርከሻ አለ።

አይቡፕሮፌንና ዲክሎፌናክ ጨጓራዋን ያደማሉ፣ ኩላሊቷን ይጎዳሉ። አስፕሪን ደግሞ ከድመት ሰውነት የሚወጣው እጅግ ቀስ ብሎ ነው፤ ግማሹ እንኳ ለመውጣት ከአንድ ቀን ተኩል በላይ ይፈጃል። በየቀኑ ሲሰጥ እላይ በላይ ይጠራቀማል።

ቅባቱም አይቀርም። ድመት የተቀባችውን ትልሳለች። እናንተ ጉልበታችሁን ቀብታችሁ እሷ ጭናችሁ ላይ ከተኛችም ያው ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ባለቤቶቻቸው ለራሳቸው ሕመም ፍሉርቢፕሮፌን የተባለ ማስታገሻ ያለበት ክሬም በሚቀቡባቸው ቤቶች ድመቶች ታመው መሞታቸውን ጠቅሶ አስጠንቅቋል። የሚያቃጥሉት የጡንቻ ቅባቶችም ብዙዎቹ የአስፕሪን ዘመድ አለባቸው። ነጭ ሽንኩርት ለቁርጥማት ጥሩ ነው ብሎ በምግቧ የሚቀላቅልም አይጠፋም። ሽንኩርትም ነጭ ሽንኩርትም የድመትን ደም ያመናምናሉ።

አንደኛ አማራጭ፦ ቤቱን ማስተካከል

እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ እጽፋለሁ፣ ምክንያቱም ርካሹም፣ ማንም የማይጎዳበትም፣ ሰው ሁሉ የሚንቀውም ይህ ነው።

ሙቀት ይቀድማል። ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። ወገል ጤናና ወረኢሉ አካባቢ ያለው ብርድ ደግሞ ለጤነኛም አይመች። ብርድ ላይ ያረጀ መገጣጠሚያ ይደርቃል። ለዚህ አጎዛን የሚያህል ነገር የለም። ከሲሚንቶ ወይም ከአፈር ወለል የሚመጣውን ብርድ ይከለክላል፣ ለዳሌዋም ለስላሳ ነው። አጎዛ ከሌለ ያረጀ ባና ወይም ጋቢ አራት አጥፎ ካርቶን ውስጥ ማንጠፍ ይበቃል። ካርቶኑን ከመሬት ጥቂት ከፍ አድርጉት፣ ከአንድ ስንዝር ግን አይብለጥ፤ አንዱን ጎኑን ደግሞ ዝቅ አድርጋችሁ ቁረጡት፣ ዘልላ እንዳትገባ። በር ፊት ሳይሆን ነፋስ በማይነካው ጥግ ይሁን።

ማታ ማታ ሙቅ ውሃ በፕላስቲክ ጠርሙስ ሞልቶ በጨርቅ ጠቅልሎ አጠገቧ ማድረግ ጥሩ ነው። የፈላ ውሃ አይደለም። አንጓችሁ ላይ አስደግፋችሁ ሳይለበልባችሁ መቆየት ከቻላችሁ ልኩ ነው። ስትፈልግ ከጠርሙሱ የምትሸሽበት ቦታም ይኑራት። ከሰል ግን ተጠንቀቁ። ቡና ሲፈላ ምድጃው አጠገብ መተኛት ትወዳለች፤ የሚያማት ድመት ደግሞ ሲያቃጥላት ቶሎ አትነሳም። በር ተዘግቶ የታደረበት የከሰል ጭስ ለእሷም ለእናንተም አደገኛ ነው።

ቀጥሎ ከፍታ። ድመት ከፍ ያለ ቦታ ትወዳለች፤ እርጅና ይህን አይነጥቃትም፣ መንገዱን ብቻ ይነጥቃታል። ወደ መደቡ ወይም ወደ ሶፋው የሚያደርስ ደረጃ ሥሩላት። አንድ ብሎኬት፣ ከዚያ አንድ በርጩማ፣ ከዚያ መደብ። እያንዳንዱ እርከን ከአንድ ስንዝር ባይበልጥ ይመረጣል። የሚያንሸራትት ጣውላ ከሆነ ማዳበሪያ ጆንያ አልብሱት። የምግብና የውሃ ዕቃዋም ከአይጥ ወይም ከውሻ ለመከላከል ላይ ተሰቅሎ ከነበረ አሁን ይውረድ።

መጸዳጃው ቤት ውስጥ ይሁንላት። ለዚህ የሚሸጥ ዕቃ መግዛት አያስፈልግም። የ20 ሊትር ቢጫ ጀሪካን በቁመቱ ለሁለት ሰንጥቃችሁ፣ አንዱን ጫፍ ደግሞ ሦስት አራት ጣት እስኪቀረው ዝቅ አድርጋችሁ ከቆረጣችሁት እግሯን ሳታነሳ ትገባለች። ጠርዙን በፋሻ ወይም በፕላስተር ሸፍኑት፣ ይቆርጣታል። ውስጡ ደረቅ አሸዋ ወይም ሰጋቱራ። ከአሸዋው ጋር አመድ መቀላቀል ሽታ ይቀንሳል፤ ብቻውን ከሆነ ግን ይቦናል፣ መዳፏንም ያደርቃል።

ጥፍሯን በየሁለት ሦስት ሳምንቱ ጫፍ ጫፉን ቁረጡ። በጥፍሩ ውስጥ የሚታየው ሮዝ ነገር ደም ሥር ስለሆነ እሱን አትንኩ። ወገቧን በለስላሳ ብሩሽ አበጥሩላት።

ይህ ሁሉ ሕመሙን አያጠፋም። በቀን ብዙ ጊዜ የሚያማትን ነገር ግን ያሳንሳል። ወጪው ደግሞ የአንድ ቀን የእጅ ሥራ ነው።

ሁለተኛ አማራጭ፦ ምግብ

ውጭ አገር የሚጻፉ መመሪያዎች ሁሉ "ድመቷን አክሱ" ብለው ይጀምራሉ። እውነት ነው፣ ውፍረት መገጣጠሚያ ይጫናል። ጎኗን ስትዳብሱ የጎድን አጥንቷ የማይሰማችሁ ከሆነ ምክሩ ለእናንተም ነው። በዝግታ ግን፤ ድመት በድንገት ምግብ ስትነፈግ ጉበቷ ስብ ይሞላል፣ ሁለት ቀን ጨርሶ አለመብላት ራሱ ሕመም ነው።

እኛ ጋ ግን ብዙ ጊዜ ችግሩ የተገላቢጦሽ ነው። አሮጊቷ ድመት ከስታ ጀርባዋ ሰይፍ ሆኗል። መገጣጠሚያን ደግፎ የሚይዘው ጡንቻ ነው። ጡንቻ የሚሠራው ከሥጋ ነው። ድመት ያለ ሥጋ መኖር አትችልም፤ ለልብና ለዓይኗ የሚያስፈልጋት ታውሪን ከጥራጥሬ አይገኝም። በጾም ቤት ሁዳዴ 55 ቀን ነው፣ ረቡዕና ዓርብ ሲጨመር ደግሞ ዓመቱ ይረዝማል። ሽሮ በእንጀራ ለእሷ ሆድ መሙያ እንጂ ምግብ አይደለም፤ ያውም ሽንኩርት አለበት። ጾም የሰው ነው፤ ለእሷ አንድ የተቀቀለ እንቁላል ወይም ከሉካንዳ የተገዛ ቁራጭ ሥጋ ቢገባ ጾሙን አይሽርም። ዕቃዋን ለይቶ ማስቀመጥ ነው። የወሎ ጉርብትና ደግሞ ለዚህ ይመቻል፤ የማይጾም ጎረቤት ትርፍራፊ ሲያቀብል ማን ይከለክለዋል?

ሳንባ የተለመደ ነው፣ ይሁን። ጉበት ላይ ግን ቆም በሉ። በሳምንት አንድ ሁለት ጊዜ ትንሽ ጉበት ጥሩ ነው። በየቀኑ ዋና ምግቧ ጉበት የሆነ ድመት በቫይታሚን ኤ ብዛት የአንገቷ አከርካሪ እርስ በርሱ ተጣብቆ ይደርቃል። አንገቷን ማዞር ያቅታታል። ቁርጥማት ብላችሁ የምታስታምሙት ነገር ከሳህኗ የመጣ ሊሆን ይችላል ማለት ነው። በአንዳንድ ቤት የሚገኘው የዓሣ ጉበት ዘይትም ቫይታሚን ኤና ዲ ስላለው በየቀኑ የሚሰጥ አይደለም።

ለመገጣጠሚያ ይጠቅማል የሚባለው ሌላው ዓይነት የዓሣ ዘይት፣ ኦሜጋ 3 ያለበት ነው። የመገጣጠሚያውን ቁጣ መጠነኛ ያደርገዋል፤ ለውጡ የሚታየው ግን ከሳምንታት በኋላ ነው። ሐይቅ ዳር ያላችሁ የቆሮሶ ዓሣ ጭንቅላትና ትርፍራፊ በነፃ ታገኛላችሁ። አጥንቱን አውጥታችሁ ቀቅላችሁ ስጧት፤ ለጡንቻ ግሩም ነው። ኦሜጋ 3 ግን ቆሮሶ ላይ ጥቂት ነው። ለእሱ የሚሻለው ሰርዲን ነው፤ ጨው ያልበዛበት፣ በርበሬ የሌለበት፣ በውሃ የታሸገ። በሳምንት ሁለት ጊዜ አንድ ፍሬ ይበቃታል።

ሦስተኛ አማራጭ፦ ሜሎክሲካም ሽሮፕ

ለድመት ቁርጥማት ጥሩ ማስረጃ ካላቸው መድኃኒቶች አንዱ ይህ ነው። ቁጣውንም ሕመሙንም ይቀንሳል። በቀን አንዴ ነው። ፈሳሹ ጣዕም ስላለው ብዙ ድመቶች ከምግብ ጋር ሳያንገራግሩ ይወስዱታል።

አደጋው መጠኑ ላይ ነው። በአውሮፓ ለረጅም ጊዜ የተፈቀደው መጠን በመጀመሪያው ቀን ለአንድ ኪሎ 0.1 ሚሊ ግራም፣ ከዚያ በየቀኑ 0.05 ነው። ብዙ ሐኪሞች ከሠራላት ከዚያም ዝቅ ያደርጉታል። ስለዚህ የ3 ኪሎ ድመት የቀን ድርሻ 0.15 ሚሊ ግራም ነው። አነስተኛው የሰው ሜሎክሲካም ክኒን 7.5 ሚሊ ግራም ነው። የ50 ቀን መድኃኒት ማለት ነው። ይህን በምላጭ ቆርሶ ማድረስ አይቻልም፤ አትሞክሩት። የድመቱ ሽሮፕ በአንድ ሚሊ ሊትር 0.5 ሚሊ ግራም አለው። የውሻው 1.5 ነው፣ ሦስት እጥፍ። ብልቃጦቹ ይመሳሰላሉ፤ ቁጥሩን ሳታነቡ አትክፈሉ።

በአሜሪካ ደግሞ ለድመት ደጋግሞ መስጠት ኩላሊት ሊያበላሽና ሊገድል ይችላል የሚል ጠንካራ ማስጠንቀቂያ ተለጥፎበታል። አውሮፓና አሜሪካ የተለያዩት ለዚህ ነው፦ መድኃኒቱ ይሠራል፣ ግን ኩላሊቷ ደህና ላልሆነ ድመት ይከፋል። ቀደም ብዬ ያዟት ያልኳት ነጥብ ይህች ናት። ብዙ የምትጠጣና የምትከሳ ድመት ያለ ደም ምርመራ ይህን አትጀምር። ለሌላዋም ምርመራው ቢቀድም ይሻላል። በባዶ ሆድ አይሰጥም። ካስመለሳት፣ ምግብ እምቢ ካለች ወይም ሰገራዋ ከጠቆረ ያኔውኑ አቁሙና ሐኪም አማክሩ።

አራተኛ አማራጭ፦ ጋባፔንቲን

ይህ የሰው መድኃኒት ነው፤ የሚጥል በሽታና የነርቭ ሕመም ላለባቸው ሰዎች ይታዘዛል። ለድመት የተሠራ ባይሆንም ሐኪሞች ለረጅም ሕመም ያዙታል። እንደ ሜሎክሲካም ጨጓራ አያደማም፤ ኩላሊቷ ደካማ ለሆነችም መጠኑ ተቀንሶ ይሰጣል። ትልቁ ጉድለቱ እንቅልፍ ነው። ቁርጥማት ባለባቸው ድመቶች ላይ የተደረገ ሙከራ ባለቤቶቹ "ተሻላት" ሲሉ የእንቅስቃሴ መለኪያው ግን ቀድሞ ከምትንቀሳቀሰው ያነሰ መሆኑን አሳይቷል። ደህና ሆና ነው ወይስ ደንዝዛ? ሁለቱም ሊሆን ይችላል።

የሚመጣው በ100 ወይም በ300 ሚሊ ግራም ካፕሱል ነው። የአንዲት ትንሽ ድመት ድርሻ ከዚያ በጣም ያንሳል። ስለዚህ ሐኪሙ ያዘዘውን መጠን የሚከፋፍል ፋርማሲስት ያስፈልጋል። ዱቄቱ መራራ ነው፤ ሰርዲን ውስጥ ይደበቃል። በቀን ሁለት ጊዜ መሆኑ ደግሞ የቤቱን ሰው ያሰለቻል። ሲቆም ቀስ በቀስ ነው እንጂ በአንድ ጊዜ አይቆረጥም።

አምስተኛ አማራጭ፦ ወርሃዊ መርፌ

ፍሩኔቬትማብ ይባላል። የሕመም ስሜት የሚያባብሰውን የነርቭ ማሳደጊያ ፕሮቲን ይዞ የሚያግድ ፀረ እንግዳ አካል ነው። አውሮፓ እ.ኤ.አ. በ2021፣ አሜሪካ በ2022 ፈቅደውታል። በወር አንዴ ከቆዳ ሥር ይወጋል፤ ክኒን የለም፣ ሽሮፕ የለም። ጨጓራና ኩላሊት ላይ ያለው ጫና እንደ ሜሎክሲካም አይደለም። አንዳንድ ድመቶች ላይ ጭንቅላትና አንገት አካባቢ ማሳከክ ያመጣል። ከ2.5 ኪሎ በታች ለሆነች አይሰጥም፤ የእኛ ከሲታ አሮጊቶች ብዙዎቹ እዚህ ላይ ይወድቃሉ።

በወረቀት ላይ አሸናፊው ይህ ይመስላል። ለወሎ ግን አይመከርም። ከ2 እስከ 8 ዲግሪ በሆነ ቅዝቃዜ ተይዞ በየወሩ መምጣት አለበት። መብራት በሚጠፋበት ከተማ፣ ከውጭ ገብቶ በአውቶቡስ ለሚጓዝ መድኃኒት ይህ ቀላል አይደለም። ዋጋውም እንዲሁ። ውጭ አገር የሚኖር ዘመድ "እልክላችኋለሁ" ቢል እንኳ በሻንጣ የሞቀ መርፌ ከውሃ አይሻልም።

ሌሎቹ ባጭሩ

ዴክሳሜታዞን የተባለው ስቴሮይድ በእንስሳት መድኃኒት ቤቶች በቀላሉ ይገኛል፤ "አንድ መርፌ ትነሳለች" ይባላል። ትነሳለችም። ስቴሮይድ ሲደጋገም ግን ጡንቻ ያመነምናል፣ ድመትን ለስኳር ያጋልጣል። በተጨማሪ ከሜሎክሲካም ጋር ተደራርቦ ከተሰጠ ጨጓራዋን ሊበሳ ይችላል። ስለዚህ የተወጋችውን ሁሉ ለሚቀጥለው ሐኪም ንገሩ። ለቁርጥማት የዘወትር መፍትሔ አድርጌ አልመክረውም።

ለመገጣጠሚያ ተብሎ የሚሸጠው የግሉኮሳሚን ዱቄትና ክኒን አይጎዳም፤ መሥራቱም በድመት ላይ በደንብ አልተረጋገጠም። ባለቤት የማይሠራ ነገር ሲሰጥም ድመቱ የተሻለው ይመስለዋል፤ ይህ በጥናቶች ላይ ደጋግሞ የታየ ነገር ነው። ያንኑ ብር ለሥጋ አውሉት።

| አማራጭ | ደኅንነት | ማስረጃ | ወሎ ውስጥ መገኘት | አሰጣጥ | ወርሃዊ ወጪ |
|---|---|---|---|---|---|
| ቤት ማስተካከል | ከሁሉ የተሻለ | አመክንዮውም ልምዱም ጥሩ | ሁሉም ቤት ይገኛል | አያስቸግርም | ከምንም አይቆጠርም |
| ምግብና ሰርዲን | ጥሩ፣ ጉበት ካልበዛ | መካከለኛ | ሉካንዳና ሱቅ | ትወደዋለች | ዝቅተኛ |
| ሜሎክሲካም የድመት ሽሮፕ | በሐኪም ክትትል ብቻ | ጠንካራ | ማስመጣት ሊጠይቅ ይችላል | በቀን አንዴ፣ ቀላል | መካከለኛ |
| ጋባፔንቲን | መካከለኛ፣ ያስተኛል | መካከለኛ | በሰው ፋርማሲ፣ በማዘዣ | በቀን ሁለቴ፣ መራራ | መካከለኛ |
| ፍሩኔቬትማብ መርፌ | ጥሩ | ጠንካራ | በጣም ከባድ | በወር አንዴ | ከፍተኛ |
| ዴክሳሜታዞን | ሲደጋገም መጥፎ | ለአጭር ጊዜ ብቻ | ቀላል | መርፌ | ዝቅተኛ |
| ግሉኮሳሚን | ጥሩ | ደካማ | ፋርማሲ | በየቀኑ | መካከለኛ፣ ለከንቱ |
| የሰው ማስታገሻ | ገዳይ | አያስፈልግም | በየቤቱ አለ | አትስጡ | የለም |

ለየትኛው ቤት የትኛው?

ገጠር ላላችሁ፣ ሐኪም ቤት ሩቅ ለሆነባችሁና ለመድኃኒት በጀት ለሌላችሁ፦ አጎዛ፣ ደረጃ፣ ጀሪካን፣ እንቁላልና ሥጋ። ይህ ብቻውን ቀላልና መካከለኛ ሕመም ያለባትን ድመት ኑሮዋን ይለውጥላታል። ሌላ ነገር ባለማድረጋችሁ አትጸጸቱ።

ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ላላችሁና በወር ጥቂት ማውጣት ለምትችሉ፦ ከላይ ያለውን አድርጉና ሁለት ሳምንት ጠብቁ። ለውጡ ካልበቃ፣ ድመቷ በደንብ የምትበላና ኩላሊቷ ደህና ከሆነ፣ ሐኪም አማክራችሁ የድመቱን ሜሎክሲካም ያዙ። ብልቃጡ እስኪያልቅ ሳትጠብቁ ቀጣዩን እዘዙ።

ኩላሊቷ የተጎዳ ወይም የተጠረጠረ ከሆነ ጋባፔንቲን ይቀድማል። እንቅልፉ ሲበዛ መጠኑን የሚቀንስ ሐኪም ይኑር። ቤቱ ውስጥ ደረጃ ካለ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ልትወድቅ ትችላለችና ዝቅ ያለ ቦታ አስቀምጧት።

መርፌውን የምመክረው አዲስ አበባ ለሚመላለስ፣ ድመቱ ከ2.5 ኪሎ በላይ ለሆነና ሌላው ሁሉ ላልሠራለት ብቻ ነው።

ሁሉም ተሞክሮ የማትበላ፣ የማትነሳ፣ በሽንቷ ውስጥ የምትተኛ ከሆነ ደግሞ ያለ ሕመም ማሳረፍን ሐኪም ይጠይቁት። ብዙ ሰው በሃይማኖትም በሆድም ይከብደዋል፤ ይገባኛል። ወንዝ ዳር ወስዶ መጣል ግን ምሕረት አይደለም።

መሥራቱን በምን ታውቃላችሁ?

ዓይናችሁን ብቻ አትመኑ። ከመጀመራችሁ በፊት አምስት ነገር ወረቀት ላይ ጻፉ፦ መደብ ላይ ትወጣለች? ስትወርድ ታመነታለች? ወገቧን ትልሳለች? በጀሪካኑ ትጠቀማለች? ሲነኳት ትቆጣለች? ለእያንዳንዱ ችግሩ ምን ያህል እንደሆነ ከ0 እስከ 3 ስጡ፤ 0 ደህና፣ 3 ከባድ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ያንን ሳታዩ እንደገና ሙሉት። ቢቻል ሌላ የቤት ሰው ይሙላው። አንድ ነገር ብቻ ለውጡ፤ ሦስቱን በአንድ ቀን ከጀመራችሁ የትኛው እንደሠራ አይታወቅም።

ሐኪም ጋ ከመሄዳችሁ በፊት ደውሉና "ድመት ታያላችሁ?" ብላችሁ ጠይቁ። በየወረዳው ያሉት የእንስሳት ጤና ክሊኒኮች ዋና ሥራቸው ከብትና በግ ነው፤ "ለድመት?" ብሎ የሚስቅም አይጠፋም። ደሴ ላይ ወሎ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤት ስላለው እዚያ መጠየቅ ይቻላል። ክሊኒክ ውስጥ ፈርታ ስለምትደርቅ ሐኪሙ አካሄዷን አያይም፤ ቤት ውስጥ ስትነሳ፣ ስትራመድና መደብ ላይ ስትወጣ በስልካችሁ ቀርጻችሁ ውሰዱ። ዘንቢል ውስጥ አስገብታችሁ በነጠላ ሸፍኗት። የሚያማትን ቦታ ሲነኳት ልትነክስ ትችላለች። ከነከሰች ቁስሉን 15 ደቂቃ በውሃና በሳሙና እጠቡና ጤና ጣቢያ ሂዱ። ድመቷ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ካልወሰደች የእንስሳት ሐኪሙ በዚያው ቀጠሮ እንዲሰጣት ጠይቁ።